ምድጃ ዳር የተቀመጠው የሬዲዮ ድንጋይ

አንኮበር መምህር ሆኜ የሄድኩት በደርግ ጊዜ ነው። ተመድቤ እንጂ መርጬ አልነበረም። ከደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ስሳፈር የያዝኩት አንድ ፍራሽ፣ አንድ የከሰል ምድጃ እና ባለ አራት ድንጋይ ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮው ባይኖር ዓርብ ተማሪዎቼን ካሰናበትኩ በኋላ እስከ ሰኞ ጠዋት ቤቴ ውስጥ የሰው ድምፅ አልሰማም ነበር።

ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ሰውማ ሞልቷል። ግን ጊዜው ሰው ሰውን የሚሸሽበት ነበር። ዘመድ የሌለው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ወጣት ለማን ጆሮ እንደሚሆን ማን ያውቃል? መንገድ ላይ ሰላምታ አያጓድሉብኝም፤ "እንዴት ዋልክ፣ ደህና ነህ ወይ" ይሉኛል፤ እሱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ የቤቱ ነው። ያከራዩኝ ሴትዮ የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው ሲያርፉ የመነኮሱ አሮጊት ናቸው። እኔንና እሳቸውን የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ጠዋት "እንደምን አደሩ እማሆይ" ስላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይሉና በራቸውን ይዘጋሉ። ኩሩ ናቸው ብዬ ተቀይሜያቸው ነበር።

ችግሩ የሬዲዮው ድንጋይ ነው። ቀበሌ ሱቅ ከመጣ ይሻሙበታል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ አይመጣም። ከአልዩ አምባ ዳገቱን በአህያ የሚወጡ ነጋዴዎች ያመጡልን ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ ያዳልጣል፣ እነሱም ይቀራሉ። ስለዚህ ሬዲዮ ያለው ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ አንድ ነው፤ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ይመታዋል። በበጋ በየግድግዳው ሥር እንደ በርበሬ ተሰጥቶ ይታያል። ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራና የአንድ ምሽት ዜና ያሰማል። እምቢ ካለ በጥርስ ነከስ ይደረጋል።

በአንኮበር ክረምት ግን ፀሐይ ከየት ይምጣ? ጉሙ ከገደሉ ይወጣና ያለ ጥሪ ቤት ይገባል። ልብስ አይደርቅም፣ ዳቦ ይሻግታል። የሬዲዮዬ ድምፅም ቀን በቀን እየቀጠነ ሄደ፤ በመጨረሻ ጆሮዬን ለጥፌበት ነበር የማዳምጠው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጨርሶ ዝም አለ።

ንዴት ያዘኝ። ፀሐይ ከሌለ ምድጃ አለ አልኩ። የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ድንጋዩ ላይ በእንግሊዝኛ እሳት ውስጥ እንዳይጣል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዳለ አውቃለሁ። እሳት ውስጥ መች ጣልኩት፣ አመዱ ዳር ነው ያስቀመጥኩት እያልኩ ከጽሑፉ ጋር ተከራከርኩ። እንደሞቀ ቶሎ ልከተው ብዬ ሬዲዮውን ጀርባውን ከፍቼ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ አኖርኩት። ጥቂት ጠበቅኩ። ትዕግሥት ደግሞ አልፈጠረብኝም፤ ድንጋዮቹን ወደ ፍሙ ገፋ አደረግኳቸውና ለሻይ የሚሆን ውሃ ልቀዳ ወደ ጥጉ ዞርኩ።

ከጀርባዬ ጓ አለ። ስዞር ክፍሉ አመድ በአመድ ሆኗል፤ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ተለጥፏል፤ ፍራሼ ላይ ፍም ወድቆ ይጨሳል። ፍሙን በእጄ ስመታ አንጓዬ ተቃጠለ። ወዲያው የሚነድ ፕላስቲክ ሸተተኝ። በተከፈተው የሬዲዮ ጀርባ ሌላ ፍም ገብቶ ኖሯል። የቀዳሁትን ውሃ ቸለስኩበት። እሳቱም ጠፋ፣ ሬዲዮውም አለቀለት።

በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ሰው ይሰበሰባል ብዬ "አይዟችሁ፣ የሬዲዮ ድንጋይ ነው" ለማለት ተዘጋጅቻለሁ። ማንም አልመጣም። ፊት ለፊት ገርበብ ብሎ የነበረ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ። የእማሆይም በር ዝግ ነው። በዚያ ዘመን ተኩስ ወደተሰማበት ቤት አይኬድም፤ እኔም ብሆን አልሄድም ነበር። ይህን እያወቅኩም ከፋኝ። እዚህ ብሞት ማንም አይደርስልኝም ብዬ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። እማሆይ ናቸው። በሲኒ ቅቤ ይዘዋል።

"ጠዋት እጅህን ጠቅልለህ አየሁ" አሉ፣ ከደጃፉ ሳያልፉ። "ትናንት ተኩስ መስሎኝ፣ ገደሉት አልኩ። መጥቼ እንዳላይህ ፈራሁ ልጄ። አልጋ ሥር ገብቼ ነው ያመሸሁት።"

"የሬዲዮ ድንጋይ ነው እማሆይ። ምድጃ ላይ ላሙቀው ብዬ።"

"ምድጃ ላይ! ተማሪ ቤት የምታስተምረው ይኸንን ነው?"

ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ በርጩማው ላይ ያለውን ሬዲዮ ያያሉ።

"እሱስ፣ አይድንም?"

"አይድንም።"

"እንግዲያ ያ ልጅም ቀረ።"

"የቱ ልጅ?"

"ማታ ማታ ወሬ የሚያነበው ነዋ። በግድግዳው እሰማው ነበር። ሰሞኑን ድምፁ ሲርቅብኝ አልጋዬን ወደዚህ አስጠጋሁ። የሚለውስ ብዙም አይገባኝ፤ ጠላት ይላል፣ ምርት ይላል። ሲጨርስ ግን ደህና እደሩ ይላል። እኔም አሜን፣ አንተንም ደህና ያሳድርህ እለዋለሁ። ቄሱ ካረፉ ወዲህ ደህና እደሪ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።"

አንጓዬን ቅቤ ቀቡኝና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

የዜናው ሰዓት ሲደርስ ፍራሼ ላይ ጋደም ብዬ ነበር። ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አፍሬያለሁ፤ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"እማሆይ" አልኩ ጮክ ብዬ። "ደህና ይደሩ።"

ከወዲያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

"አሜን፣ አንተንም ደህና ያሳድርህ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ወሬውስ? ወሬ ሳይነበብ ደህና እደሩ ይባላል?"

ተነሥቼ ተቀመጥኩና ከተማሪዎቼ ወሬ ጀመርኩላቸው።