አደይ አበባና ፒንሳ

ሰዓዳ አዋሽ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ሻይ ስትሸጥ ብዙ እንግዳ አይታለች፤ ዘይት የጠገበ ቱታ ለብሶ አደይ አበባ ያቀፈ ወንድ ሲገጥማት ግን የመጀመሪያዋ ነው። አበባውን ከደጋ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ባዶ የወተት ጣሳ ለመናትና ረጃጅሙን ከኋላ፣ አጫጭሩን ከፊት አድርጎ ደረደረ። ከዚያ ፒንሳ ከኪሱ አውጥቶ አገዳውን በሽቦ ጠመዘዘው። ግማሹ ቀንጠስ አለ።

«ለአብዮት በዓሉ መድረክ ነው፣ ጓድ?» አለችው።

«የለም እህቴ፣ ለባለቤቴ ነው። ተቀይማኝ ድሬዳዋ እናቷ ጋ ከገባች አራት ወሯ። ‹ብረት እንጂ ሰው መያዝ አታውቅም› ብላኝ ነው የሄደችው። ዛሬ ትመጣለች።» የተቀነጠሰውን አይቶ ሳቀ። «ሃያ ዓመት ሙሉ የባቡር ሞተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ አንድ እቅፍ አበባ አቃተኝ። ምስክር ካስፈለጋት ይኸው!»

«ሽቦውን ተወው ወንድሜ፣ ወላሂ ታሳዝናለህ» ብላ ከጆንያው ክር መዛ ሰጠችው። እንዳይሰበርበት ፈርቶ ላላ አድርጎ አሰረ።

የድሬዳዋው ባቡር እየጮኸ ገባ። ሰውዬው ወደ ፊተኛው ፉርጎ ሮጠ፤ አደዩ ከኋላው አንድ በአንድ ይንጠባጠባል። በሩ ጋ ሲደርስ እጁ ላይ የቀረው ክሩና ሦስት አበባ ብቻ ነበር።

ከኋለኛው ፉርጎ የወረደች ሴት ግን ጎንበስ ብላ አንድ አበባ አነሳች፤ ቀጥላም ሌላ። እየለቀመች ሰዓዳ ጋ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት።

«ይህን ያሰረው የኔው ሰውዬ ነው፤ በየት በኩል ሄደ?»