እናቴ የደበቀችው ቀንድ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ መጥታ፣ ምራቷ ልጇን በመስተፋቅር እንዳሰረችባት ስትነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ተቀየመችኝ፤ እኔ ግን የሳቅሁት በአባቴ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እናቴ ላሊበላ ላይ ስታርፍ። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አርባዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልብሷን ለነዳያን ልንሰጥ ሣጥኗን ከፈትን። ከሥር፣ በአሮጌ መቀነት የተጠቀለለ የቀንድ ጫፍ አገኘን። ጣት የሚያህል ነው፤ ዙሪያውን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ፣ አፉ በእንጨት ውታፍ የተደፈነ። ውታፉን ነቅዬ ሳላየው አባቴ ከእጄ ነጠቀኝ።

«አስደግማብኝ ኖሯል» አለ።

አባቴ ነገረኛ ሰው ነበር። ከጎረቤት በወሰን፣ ከቄሱ በጾም፣ ከበሬው በእርሻ ይጣላል። ከእናቴ ጋር ግን ሃያ ዓመት ክፉ ቃል አልተለዋወጠም። ሰዉም ምን አቅምሳው ይሆን እያለ ይቀልድበት ነበር። ያን ቀን ቀልዱ ሁሉ እውነት መሰለው። ለነፍስ አባቱ እንዳይናገር የሟች ስም ሊጎድፍ ነው፤ ዝም እንዳይል ደግሞ የወደዳት በገዛ ልቡ ይሁን በድግምት ሳያውቅ ሊቀር። እህል አልወርድልህ አለው። እኔም እናቴን ተጠራጠርኳት፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

በሦስተኛው ቀን ወደ እናቴ አገር፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ተነሣን። ታላቅ ወንድሟ አያ ደምሌ ካላወቁት ማን ያውቀዋል ብለን ነው። ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ እሸት፣ መንገዱ ክረምት የሸረሸረው፣ ከላይ የጥዱ ሽታ ይመጣል። አባቴ በየድንጋዩ ይቀመጣል። ከያዝኩት ቆሎ አንዲት ፍሬ አልቀመሰም።

አያ ደምሌ ስመ ጥር ንብ አናቢ ነበሩ። የገብስ ዳቦ ከነጭ ማር ጋር አቀረቡልን። አባቴ ሳይቀምስ ቀንዱን አወጣ። አያ ደምሌ ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ሚስታቸውን በሰበብ ወደ ውጭ ላኩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አውራ ንብ የሚታሰርበት ነው። መንጋ ወጥቶ ዛፍ ላይ ሲያርፍ አውራውን ይዘን እዚህ እንከተዋለን። ቀፎው ውስጥ ስንሰቅለው መንጋው ተከትሎት ይገባል።»

አባቴ እሷ ከንብ ጋር ምን አገናኛት ሲል ጠየቀ። አያ ደምሌ አንገታቸውን ደፉ። ንብ ሲነድፋቸው ፊታቸው አብጦ ትንፋሽ ያጥራቸው ኖሯል። ዛፍ ላይ የምትወጣው፣ አውራውን በባዶ እጇ የምትይዘው እናቴ ነበረች፤ ስሙ ግን ለእሳቸው ሆነ። ስታገባ ለባሏም ቢሆን እንዳትናገር አስምለዋታል። ከዚያ ወዲህ አንድ መንጋ ሳይዙ፣ ጉልበቴን አመመኝ እያሉ ኖረዋል። ያ የቀረበልን ማር እንኳ እሷ ካስገባቻቸው ንቦች ዘር የተገኘ ነበር።

«እባክዎ ከዚህ ቤት አይውጣ» አሉት።

አባቴ የሰማቸው አልመሰለኝም። ቀንዱን ሲያገላብጥ ቆየ።

«ታዲያ እንዲያው ነው የወደድኳት?» አለ።

«እንዲያው ነዋ።»

ዳቦውን ሳበና እንባው እየወረደ ማሩን እያጠቀሰ በላ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ አብሬውም በላሁ።

አሁን እናቴ ካረፈችበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ አባቴም ሌላ ሳያገባ አርጅቶ ሄዷል። የአያ ደምሌን ምስጢር እሳቸው እስኪያርፉ ጠብቀንላቸዋል። እኔን ዛሬም ደስ የሚለኝ ያን ቀን የተመለስንበት ዳገት ነው። ስንሄድ እየለመንኩ ያስነሣሁት ሰው፣ ስንመለስ የአርባዋ ጠላ ገና አልተጠነሰሰም፣ ቶሎ በይ እያለ ከፊቴ ይገሰግስ ነበር። መወደዱን አውቆ ደስ ያለው ሰው ብዙ አይቻለሁ። መውደዱን አረጋግጦ እንደዚያ ደስ ያለው ግን ከአባቴ በቀር አላየሁም።