የማይንቀጠቀጥ ብርሃን

ስለ ምባህ ቱኪጃን ላወራ ነው የተቀመጥኩት። ስለ እርሳቸው ሳወራ ደግሞ የራሴን ጉድ መዝለል አልችልም። ይኸው ሦስት ዓመቴ፤ ማንም ምንም ሳይለኝ ብቻዬን አፍራለሁ።

ምባህ የምንለው አያት የሚሆነንን ሰው ነው። ምባህ ቱኪጃን በክላተን ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮቻችን አርባ ሁለት ዓመት የጥላ ጨዋታ አሳይተዋል። ነጭ መጋረጃ ይወጠራል፤ እርሳቸው ከኋላው እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ካናታቸው በላይ የኮኮናት ዘይት መብራት ይንጠለጠላል። ከዚያ ከጎሽ ቆዳ የተፈለፈሉትን ምስሎች እያነሱ ብቻቸውን የሃያ ሰው ድምፅ ያወጣሉ። ቀን ቀን ሩዝ ያርማሉ፣ ዳክዬ ያረባሉ። ዳክዬዎቻቸውን እንኳ አንቱ እያሉ ነው የሚቆጡት እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

እኔ ራጊል እባላለሁ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ልታይ ልታይ ባይ ነኝ። ይህን ሚስቴ ሱላስትሪ ገና በሰርጋችን ሰሞን ነግራኛለች።

ያን ዓመት የመንደራችን የመኸር በዓል ሲቃረብ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሌሎቹ አጫዋቾች ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞሩ ምባህ ብቻ ዘይት ላይ ቀርተዋል። ጥላው ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይዋልላል፤ ቆዳው ላይ የፈሰሰው ያ ሁሉ ጥበብ አይታይም። ሄድኩና «ምባህ፣ የመርፌ ቀዳዳ ሳይቀር የሚያሳይ መብራት ልሥራልዎ» አልኳቸው።

ዳክዬዎቹን ወደ በረት እያስገቡ ነበር። «ይሁን ልጄ፣ ደግ ሐሳብ ነው፤ ወደፊት እናየዋለን» አሉኝ። የዝንጅብል ሻይም ሰጡኝ፤ በግራ እጃቸው። ቀኙን ከሽርጣቸው እጥፋት አላወጡትም። እኛ ዘንድ በግራ እጅ ማቀበል ስድብ ነው፤ እኒህ ደግሞ ዳክዬ አንቱ የሚሉ ሰው ናቸው። አየሁ፤ ግን ምን ሆነው ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት ለፊት «አይሆንም» አይልም። «ወደፊት እናየዋለን» ካለ ተወኝ ማለቱ ነው፤ ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ምን አሉህ?» አለችኝ ሱላስትሪ።

«ይሁን አሉኝ።»

«እንዴት አድርገው ነው ይሁን ያሉህ?»

«ይሁን ይሁን ነዋ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ከቴሌቪዥኑ በፊት ጆሮህን ብትጠግን ይሻልሃል።»

ሁለት ሳምንት ለፋሁ። መጀመሪያ ትንንሾቹን የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች ደርድሬ ሞከርኩ፤ አንዱ ምስል አሥራ ሁለት ጥላ አወጣ። «ሠራዊት አመጣህብን» አለች ሱላስትሪ። ቀጥዬ ነጭ መሸፈኛ ባደርግበት ከዘይቱም ባሰ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ብርሃኑ የሚወጣበት ነጥብ ባነሰ ቁጥር የጥላው ጠርዝ ይሰላል። የምስር ክክ የምታህል አንዲት ኤል.ኢ.ዲ. ያለ መስታወት፣ ያለ ክዳን ራቁቷን ተውኳት። እንዳትግል ከአሮጌ ኮምፒውተር በፈታሁት ብረት ላይ አሰርኳት። ብርሃኗ ወዲያ ወዲህ እንዳይረጭ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጡን ጥቁር ቀብቼ አለበስኳት፤ ቅንጣት ብልጭልጭ እንዳትል ደግሞ ከባትሪ ጋር አገናኘኋት። የሚስቴን ማበጠሪያ ፊቷ ስይዝ ግድግዳው ላይ ጥርሱ አንድ በአንድ ተለይቶ ታየ። ከደስታዬ ብዛት ምሳ አልበላሁም።

በበዓሉ ምሽት ምባህ ሳይመጡ የዘይቱን መብራት አውርጄ የኔን ሰቀልኩ። ሳላስፈቅድ። ከበሮ መቺው ንጋዲ፣ አባት ስለሚሆኑን ፓክ የምንላቸው የምባህ የዕድሜ ልክ ጓደኛ፣ ቀና ብለው ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ራጊል፣ አውርደው» አሉኝ ቀስ ብለው።

«መጀመሪያ ይዩት እንጂ፣ ፓክ!»

ይህን ስንባባል ምባህ ደረሱ። ሕዝቡ ተቀምጦ ይጠብቃል። መብራቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ተወው ንጋዲ፤ ልጁ ደክሞበታል» ብለው ቦታቸውን ያዙ።

እኔ ከጥላው ወገን፣ ከሕዝቡ ፊት፣ መጋረጃው ጠርዝ አጠገብ ቆምኩ። የመጀመሪያዎቹ ጥላዎች ሲወጡ ሰው ሁሉ አደነቀ፤ ትከሻዬንም የመታ ነበር። ከዚያ መስፍኑ ወጣ። በእኛ ጨዋታ መስፍን አይነቃነቅም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ በለሆሳስ ይናገራል፤ ጨዋነቱ እሱ ነው።

መስፍኑ ተንቀጠቀጠ። ከዘውዱ እስከ ጣቱ፣ እያንዳንዱ ፍልፍል ተለይቶ እየታየ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ መብራቴን ነው የጠረጠርኩት። በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቄ ሳየው ፍንክች አላለም። ያኔ የግራ እጃቸው ትዝ አለኝ። ለካ የዘይቱ ነበልባል ዛፉንም፣ ቤተ መንግሥቱንም፣ መስፍኑንም አንድ ላይ ያወዛውዝ ስለነበር የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ማንም አይለየውም ነበር።

«መስፍኑን ወባ ያዘው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ክፋት የሌለው ሳቅ ነበር። መብራቱን ማጥፋት እችል ነበር፤ የባትሪው ገመድ ከእጄ በክንድ ርቀት ነው። አላጠፋሁትም። እውነቱን ልናገር፣ ገና እየተመሰገንኩ ነበር።

ምባህ መስፍኑን ምስል መትከያ ሆኖ ከፊታቸው የተጋደመው የሙዝ ግንድ ላይ ሰክተው ቀልደኞቹን አነሱ። ቀልደኛ ቢንቀጠቀጥ ያስቃል እንጂ አያሳፍርም። እስከ መጨረሻው በቀልድ ጨረሱት፤ መስፍኑን አላነሱትም። ሲያበቁ በሕዝብ ፊት አመሰገኑኝ። «የራጊል መብራት ጥሩ ነው፤ ምንም አይደብቅም» አሉ። ተጨበጨበልኝ። የሰውየውን ገመና አደባባይ አውጥቼ ተጨበጨበልኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጫወቱም። ከጥቂት ወራት በኋላ የዘይቱን መብራት ወልውዬ፣ ክሩን ለውጬ፣ ዘይት ሞልቼ ወሰድኩላቸው። «ምባህ፣ ለመጪው በዓል በዚህ ያጫውቱን» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ሻይ ሰጡኝ። አሁን በቀኝ እጃቸው ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለማ። ግማሹ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ።

«ይሁን ልጄ፣ ደግ ሐሳብ ነው፤ ወደፊት እናየዋለን» አሉኝ።

አሁን ግን ሰማኋቸው። የተረፈውን ሻይ ጠጣሁና መብራቱን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።