የሰኞውን ጸሎት በሐሙስ ገጽ

የማርያምወርቅን የካራ ሰፈር ሰው ሁሉ የተማረች ናት ይላት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከጥዱ ሥር ቆማ፣ የሟች ባሏን የጸሎት መጽሐፍ ገልጣ ስትደግም ያያት፣ «እሷማ ፊደል የቆጠረች ናት» ይላል። ፊደል ግን አልቆጠረችም። ባሏ ሀብተወልድ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ጮክ ብሎ ሲደግም፣ እሷ ከአጠገቡ ጥጥ እየፈተለች በጆሮዋ የለቀመችው ነው። የሰኞውን፣ የማክሰኞውን፣ የሁሉንም ቀን በቃሏ ታውቀዋለች። ሰው በስሕተት አከበራት፤ እሷም ክብሩ ጣማትና ዝም አለች።

ዝምታዋ ጉድ ያመጣባት የሴቶች ዕድር ጸሐፊ ሲያጣ ነው። የቀድሞዋ ጸሐፊ ልጇ ዘንድ ወደ መገናኛ ስትዛወር፣ ሊቀመንበሯ ዓለም ተነሥታ፣ «መጽሐፍ የምትደግም ሴት እያለችን ምን ያስጨንቀናል!» ብላ መዝገቡን አሸከመቻት። ሴቶቹ እልል አሉ። በወሩ ስብሰባ ስም መጥራት አለባት።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጎልማሶች ፊደል ከሚማሩበት ክፍል ገባች። መምህሯ ነፃነት ከኮተቤ ተመርቃ የወጣች ልጅ እግር ናት። የማርያምወርቅ እዚያም ማፈር አልፈለገችም። መጽሐፏን ገልጣ የሰኞውን ጸሎት እንደ ውኃ አወረደችው። ነፃነት አጎንብሳ አየች። የተገለጠው የሐሙሱ ነበር።

የማርያምወርቅ ገጹን መሳቷ ከልጅቷ ዓይን ገባት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እማማ፣» አለች ነፃነት ዝግ ብላ፣ «ይኼን ሁሉ በቃልዎ ነው የያዙት?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ከዓይኔ ጆሮዬ ቀደመ።»

«እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼም አንድ ገጽ በቃሌ መያዝ አቅቶኛል። ያስተምሩኛል?»

«ልትቀልጂብኝ ነው?»

«በማርያም! እርስዎ ይበሉልኝ፣ እኔ ቃሉን በጣቴ አሳይዎታለሁ። ከዚያ መጽሐፉን እከድንና እኔ እሞክራለሁ።»

እንዲያ ሆነ። ነፃነት በቃሏ ስትል ከሳተች የማርያምወርቅ ትቆጣታለች። «ዘለልሽ! ከላይ ጀምሪ!» ትላታለች። ዕድሜዋን ሙሉ አስተምሪኝ ያላት ሰው አልነበረምና፣ ሌሊቱ መቼ በነጋ እያለች ትቸኩል ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት «ማርያም» የሚለውን ቃል ከመጽሐፉ ውጭ፣ ከታክሲ ግንባር ላይ አገኘችው። ታክሲው እስኪርቅ በዓይኗ ሸኘችው።

ወሩ ግን አልበቃትም። በስብሰባው ቀን መዝገቡን ገለጠች።

«ዓ... ለም።»

«አለሁ!»

«ጂ... ቱ።»

«አለሁ!»

ሦስተኛው ስም ላይ ቆመች። ፊደሉን በጣቷ ተከተለች፤ አልወጣላትም። ከኋላ አንዷ፣ «እትዬ፣ ጠዋት ጠዋትማ እንዴት ነው የምታንበለብዪው!» ብላ ሰዉን አሳቀች።

የማርያምወርቅ ቀና አለች። «እሱን በቃሌ ነው። ማንበብ የጀመርኩት እናንተ በሾማችሁኝ ማግስት ነው። አልዋሸኋችሁም፤ ስትሳሳቱ ግን ዝም አልኩ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዓለም መዝገቡን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። የማርያምወርቅ አልሰጠችም።

«ቀስ ብዬ እጠራለሁ። የቸኮለች ትሂድ።»

ባለሱቋ ኩልሱም ከአግዳሚው ተነሣች። «እኔ እስክትጠሪኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሱቁ እንደሆነ አይሸሽም!»

ማንም አልሄደም። የማርያምወርቅ ከስም ወደ ስም፣ እየተንገዳገደች ወረደች። ፀሐይ ወደ እንጦጦ ስታዘቀዝቅ ከገጹ መጨረሻ ደረሰች።

«ኩል... ሱም።»

«አለሁ፣ እትዬ! ከመቆም ብዛት እግሬ ባይኖርም እኔ አለሁ!»