ሁለት ነጭ ባልዲዎች

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለው ቤታችን አባቴ በድንጋይና በጭቃ ያሠራው ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለሰንነው፤ ያሳመርነው መስሎን ነበር። ሁለት ክረምት ሳይሞላው ግን ውስጡ ያልበው ጀመር። ልስኑ እየተነፋ ይረግፋል፤ የእናቴ መኝታ ቤት ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ያማከርኳቸው ሁሉ «አፍርሰሽ በብሎኬት ሥሪው» ሲሉኝ፣ እንጦጦ ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ብቻ ግድግዳውን በመዶሻቸው እጀታ መታ መታ አድርገው አዳመጡና፣ «ይሄ ቤት ምንም አልሆነም። ትንፋሽ ነው ያጠረው። ሲሚንቶውን እናውልቅለትና በኖራ እንለስነው» አሉኝ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ጉርድ ሾላ ቢሮ ስለምውል ሥራው ቅዳሜ ቅዳሜ ሆነ። ጥሬው ኖራ ጓል ጓል ሆኖ መጣ። ሽማግሌው ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ሲጨምሩት እሳት ሳይነካው ይንተከተካል፤ ሲበርድ እንደ እርጎ ይረጋል። መጀመሪያ ቀን ሳየው ወደ ኋላ ዘለልኩ። ከጓሉ ጥቂቱን ደግሞ ወቅጠውና ነፍተው፣ ለድንጋዮቹ መጋጠሚያ የሚሆን ዱቄት አዘጋጁና ክዳን ባለው የቀለም ባልዲ ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ይሄ እርጥበት ካገኘ ያቃጥላል። ከምግብ አርቂው።»

«እሺ አባባ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። የማያፈስ ጣሪያ ያለው ኩሽናው ብቻ ነበር። ለጊዜው ነው ብዬ ከመደርደሪያው ሥር፣ ከእናቴ የጨው ባልዲ አጠገብ አስቀመጥኩት። ያም ነጭ የቀለም ባልዲ ነው። ቢሆንም የኔው ላይ መዳፍ በሚያክል ቀይ ፊደል «ኖራ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ይህን ያህል ጽፌ ማን ይሳሳታል?

እናቴ በየዓመቱ ፍልሰታ ሊገባ ወር ሲቀረው ሎሚ በጨው ታስቀምጣለች። ያስተማረቻት ከድሬዳዋ የመጣች የድሮ ጎረቤታችን ናት። ሎሚውን ከሥሩ ሳታላቅቅ በአራት ትሰነጥቀዋለች፤ ስንጥቁ ውስጥ ጨው ትጠቀጥቅና አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ጭማቂው እስኪወጣ ታጭቀዋለች። ከወር በኋላ ልጣጩ ይለሰልሳል፤ ምሬቱም ይሄዳል። ያንን ልጣጭ አድቅቃ አዚፋ ውስጥ ስትጨምረው ጾሙ ባያልቅ ያሰኛል።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት እኔና ሽማግሌው ግቢ ውስጥ አሸዋ ስንነፋ ከኩሽና ጧ! የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ እናቴ ጮኸች።

ሮጬ ስገባ ጠርሙሱ ተሰንጥቋል። ከሎሚዎቹ ላይ ነጭ አረፋ እየፈላ ይወርዳል፤ ጠረጴዛው ይጨሳል። የእናቴ ሁለት እጆች እስከ አንጓቸው ሊጥ የነኩ ይመስላሉ። ክዳኑ የተነሳው ባልዲ የኔው ነው። እሷ እንባዋን ልትጠርግ ያንን እጇን ወደ ፊቷ አነሳች።

«ዓይንዎን እንዳይነኩ!» ሽማግሌው ከኋላዬ ጮኹ። «ያዣቸው!»

ዘልዬ ክንዶቿን ያዝኩ። ጣቶቿ ከዓይኗ አንድ ስንዝር አይርቁም ነበር። ሽማግሌው ደረቁን ዱቄት በጨርቅ አራግፈው ጀሪካን አነሱና ውሃውን ያለማቋረጥ ያፈሱባት ጀመር። አንዱ ሲያልቅ ሌላ። «ያቃጥላል፣ ልጄ ያቃጥላል» ትላለች። የኔ ልብስ ከላይ እስከ ታች ረጥቧል።

ጤና ጣቢያ እጇን አክመው በፋሻ ጠቀለሉላት። ቆዳዋ ተልጧል፤ ግን ይድናል ተባልን። ወጣቷ ሐኪም ምናልባት ፊቷ ላይ ተረጭቶ እንደሆነ ዓይኗንም ልይ አለች። ራቅ ብላ ቆመችና ጣቶቿን አነሳች።

«ስንት ነው እናቴ?»

እናቴ አንገቷን ወደ ፊት ሰገግ አድርጋ ዓይኗን አጠበበች።

«አሁንስ?»

«ሁለት» አለች እናቴ። ሐኪሟ ያነሳችው መዳፏን ሙሉ ነበር።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «ከኖራው አይደለም። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ፤ የቆየ ነው። አታውቁም ነበር?»

አላውቅም ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር እያደርን፣ በአንድ ትሪ እየበላን። በፋሲካ ሰሞን ዳዊቷን ገልብጣ ይዛ ስትደግም አይቼ «ደክሞሻል መሰለኝ» ብዬ ስቄባት ነበር። በቃሏ ነበር የምትደግመው። ታክሲ የምትይዘው ረዳቱ ሲጣራ ሰምታ ነው። እኔን የምታውቀኝ በኮቴዬ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ሰው ሁሉ ዞረ።

«ግድግዳው እስኪያልቅ ብዬ ነዋ» አለች፣ ፋሻዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። «ብነግርሽ ቤቱን ትተሽ እኔን ይዘሽ ትዞሪያለሽ። አባትሽ የሠራው ቤት እላዬ ላይ ሲፈርስ ደግሞ ማየት አልፈልግም።»

«ማየት» ስትል ሳልፈልግ ሳቅ አመለጠኝ። ወዲያው አለቀስኩ።

ሽማግሌው በማግስቱ፣ እሑድ መሆኑን እያወቁ፣ ከቅዳሴ መልስ ወደ እኛ ወረዱ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ በር ላይ ቆመው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ኩሽናውን ሳላይ መሄድ አልነበረብኝም» አሉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እናቴ ግን ከውስጥ ሰምታ፣ «ይልቅ ይግቡና ይቀመጡ፤ በሩን ከፍታችሁ አታስበርዱኝ» አለች።

የቀኝ ዓይኗ ሞራ ክረምቱ ሲወጣ ተገፈፈላት። ፋሻው ሲነሳ አጠገቧ ነበርኩ። ቶሎ ቶሎ እያርገበገበች መጀመሪያ መስኮቱን፣ ከዚያ የነርሷን ጫማ፣ ከዚያ የራሷን እጅ አገላብጣ አየች። ጠባሳው ላይ ብዙ አልቆየችም። ቀና ብላ እኔን አየችኝና አፏን ያዘች።

«ውይ ልጄ» አለች፣ ጣቷን ግንባሬ ዳር ወደ ፀጉሬ እየሰደደች፣ «መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?»