ለዘር የተተወው ጎመን

እኅተማርያም ባሏን ተከትላ ከቡልጋ ወደ ጎባ ስትመጣ ገና ልጅ እግር ነበረች። ባሏ ተሰማ የፊታውራሪ ብዙነህ ወታደር ነው። የባሌ አገር በጦር ከተያዘ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከጦጎና ወንዝ በላይ ያለው ሰፈር ድንኳኑና ጎጆው እንደተቀላቀለ፣ አጥሩ እንኳ ገና እርጥብ እንጨት ነበር። ወታደሩ ደሞዝ የለውም። በደሞዝ ፈንታ የሚሰጠው ሰው ነው። እንዲህ በአጭሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሰው ይሰጠዋል ማለት ግን አባት አያቱ ባቀኑት መሬት ላይ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከነጉልበቱ፣ ከነእህሉ፣ ከነማሩ ለማያውቀው መጤ ይገብራል ማለት ነው። ለተሰማ ከተሰጡት ገባሮች አንዷ ሎኮ የምትባል የአርሲ ኦሮሞ ሴት ነበረች። ባሏ በዚያው ዘመቻ ሞቶባት ልጆቿን ለብቻዋ ታሳድጋለች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ የእኅተማርያም ልጅ ወለተኢየሱስ ናት። እናቷ ይህን ነገር ስታወራ አንድም ቀን ድምፅዋ ረግቶ አያውቅም ነበር ትላለች።

የመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ሲገባ ሎኮ የባቄላ እሸት በእንቅብ ሞልታ ወደ እነ ተሰማ ቤት መጣች። የወቅቱ መጀመሪያ ነው። የጎባ ብርድ አንጀቷን ሲበላው፣ ከገብስ ቆሎና ከደረቀ ሥጋ በቀር ሌላ ሳታይ የከረመችው እኅተማርያም እሸቱን ፍም ላይ ጠብሳ በደስታ በላች። ልጣጩ ሲፈነዳ የሚወጣው ሽታ አገሯን አስታወሳት። ሎኮ በር ላይ ቆማ ታያት ነበር። አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።

እኅተማርያም ቤት ተዘግቶባት መዋል የማትወድ ሴት ነበረች። በማግስቱ እሸቱ ከየት እንደመጣ ልታይ ወንዙን ተሻግራ ወደ ሎኮ ማሳ ወረደች። ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ የማትሄድበት ሳምንት አልነበረም። ኦሮምኛ የለመደችውም በዚያ ማሳ ውስጥ፣ ጎንበስ ብላ እየለቀመች ነው። ጎመን «ራፉ» መሆኑን ያወቀችው ጎመኑን በእጇ ይዛ ነው። ሎኮም አማርኛ ትሞክራለች፤ ሁለቱም ሲሳሳቱ ይሳሳቃሉ።

ሎኮ ጎመን አቆራረጥ ታውቅበታለች። ውርጭ ያልነካው የኅዳር ጎመን ገና ሣር ነው ትላለች፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ውርጭ ሲያድርበት ነው የሚጣፍጠው። ጠሉ ከቅጠሉ ላይ ሲደርቅ፣ ረፋዱ ላይ፣ መዳፍ የሚያህለውን ቅጠል ብቻ ከነአንገቱ ወደ ታች ስብር ማድረግ ነው፤ ልቡን መንካት የለም። የባቄላው እሸት ደግሞ ተፈልፍሎ ዓይኑ ይታያል። ዓይኑ አረንጓዴ ከሆነ በጥሬው ይበላል፤ ዓይኑ ከጠቆረ ለንፍሮ ነው። እኅተማርያም አንድ ጊዜ ያልደረሰ ብትቆርጥ ሎኮ እጇን መታ አደረገቻት። ገባር የጌታዋን ሚስት እጅ መታች ብሎ የሚከስ ሰው ቢያይ ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር።

ከማሳው ጥግ ላይ ግን ማንም የማይቆርጠው አንድ መደብ ጎመን ነበር። ከሌላው ሁሉ የገዘፈ፣ ግንዱ የእጅ አንጓ የሚያህል። እኅተማርያም ለምን እንደማይበላ ስትጠይቅ ሎኮ «ሰኚ» አለቻት። ዘር ማለት ነው። ያብባል፣ ያፈራል፣ ደርቆ ይወቃል፤ የሚመጣው ዓመት ጎመን ሁሉ፣ የጎረቤቶቿም ጭምር፣ ከዚያ መደብ ነው የሚወጣው።

በሚቀጥለው ዓመት እሸት ሲደርስ፣ አንድ ቀን ማሳው ዳር ተቀምጠው የሎኮ ልጆች የገብስ ቂጣቸውን ሲገምጡ እኅተማርያም እሸት ቀምሰው እንደሆነ ጠየቀች። ሎኮ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ መለሰች፦ የጌታው ድርሻ ሳይደርስ፣ የፊታውራሪ ወጥ ቤትም ሳይጠግብ ልጆቿ እሸት አይነኩም። ነክተው ቢገኙ እንደ ስርቆት ይቆጠራል። እኅተማርያም በአፏ ውስጥ የነበረውን ባቄላ መሬት ላይ ተፋችው። በማን እንደተቆጣች መጀመሪያ አልገባትም፤ በባሏ ይሁን፣ በፊታውራሪው ይሁን፣ ዓምና ፍም ላይ ጠብሳ በበላችው በራሷ።

ማታ ለተሰማ፣ ከዚህ በኋላ የሎኮ ልጆች ሳይቀምሱ እዚህ ቤት እሸት እንዳይገባ ነገረችው። ተሰማ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ፈሪ ነበር። ጓደኞቹ ገባር አበላሸህ እንዳይሉት ፈራ። ነገሩ በውስጥ ይሁን፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ እሺ አላት።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ዓመት የነቢያት ጾም ሲገባ የፊታውራሪው ወጥ ቤት አዛዥ በየነ ለግብር የሚሆን ጎመን እንዲሰበሰብ ሎሌዎቹን ላከ። በየነ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ጌታውን ከማስደሰት በቀር ሌላ ሐሳብ የሌለው ሰው ነበር። ሎሌዎቹ ሎኮ ማሳ ደርሰው ዓይናቸው ያረፈው በትልልቁ ላይ ነው። ሎኮ እየጮኸች ፊታቸው ቆመች። ከደረሰው ጎመን የፈለጉትን እንዲቆርጡ በእጇ እያሳየች ለመነቻቸው። ገፍትረው ጣሏት፤ የዘሩን መደብ ከነሥሩ ነቅለው በሸክም ወሰዱት።

ጎመኑ አልበሰለም። ሲፈላ ውሎ እንደ ቆዳ ጠነከረባቸው። በየነ አውጥቶ ለበቅሎዎች አስጣለው። በቅሎዎቹም ጥቂት ነክሰው ተዉት። በዚህ ሳያበቃ፣ ሎኮ የማይበላ ጎመን ሰጥታ በፊታውራሪ ግብር ላይ አላገጠች ብሎ ከሰሳት።

ችሎቱ የተቀመጠው ከፊታውራሪው አዳራሽ ፊት፣ ሜዳው ላይ ነበር። ተሰማ ወደ ቆላ ለዘበኝነት ወርዶ ስለነበር እኅተማርያም ብቻዋን መጥታ ከሴቶቹ ጋር ቆመች። በአጥሩ በኩል ስታልፍ የተጣለውን ጎመን አይታው ነበር፤ ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ደርቋል። አንዱን አንሥታ በነጠላዋ ሥር ይዛዋለች።

ፊታውራሪ ብዙነህ ሸምገል ያሉ፣ ነገር የሚሰለቻቸው ሰው ነበሩ። በየነ ክሱን አሰማ። ከዚያ ሎኮ እንድትመልስ ታዘዘች። አስተርጓሚው ገብረ መድኅን ይባላል፤ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ፣ የበየነ የማዕድ ወዳጅ።

ሎኮ ብዙ ተናገረች። አላለቀሰችም። ገብረ መድኅን እስክትጨርስ ጠበቀና፣ «ጌታዬ፣ አጥፍቻለሁ፣ ባለማወቅ ነው፣ ይማሩኝ ትላለች» አለ።

ፊታውራሪው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምሬሻለሁ፣ ግን ጾሙ እስኪፈታ ለወጥ ቤቱ እህል ፍጪ ብለው ፈረዱ። ሎኮ የፊታቸውን መለዘብ አይታ ቃሏ የተሰማላት መሰላት። የተፈረደባት እንደሆነ አልገባትም፤ እንዲያውም እጅ ነሣች።

እኅተማርያም ያንን እጅ መንሣት መቻል አቃታት። ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ፊት ለፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ያለችው እንዲህ አይደለም።»

ፊታውራሪው ማን እንደሆነች ጠየቁ፤ የተሰማ ሚስት መሆኗ ተነገራቸው። ገብረ መድኅን፣ ሴትዮዋ ቋንቋውን ከየት ታውቀዋለች ብሎ ሊያጣጥል ሞከረ። ፊታውራሪው በእጃቸው ዝም አሰኙትና በማርያም ምለሽ ያለችውን ተናገሪ አሏት። እሷም ማለች።

«መሬቴን ወሰዳችሁ፣ ባሌን ገደላችሁ፣ ከማርሰው ካላችሁት በላይ እሰጣችኋለሁ ነው ያለችው። ከጎመኑ ቁረጡ ብዬ በእጄ አሳየኋቸው፤ እነሱ ግን ዘሬን ነቀሉ። በቅሎ እንኳ ያልበላውን ዘሬን ነቅላችሁ እኔን ትከሱኛላችሁ? ያለችው ይህን ነው። ይማሩኝ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።»

ነጠላዋን ገልጣ የደረቀውን ጎመን ፊታቸው አኖረችው።

ዘር የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋ የእህሉም የሰውም ነው። ከተሰበሰበው ወታደር ብዙው ገበሬ ሆኖ ያደገ ነበር፤ ለዘር የተቀመጠ ነገር ሲነካ ምን ማለት እንደሆነ ነጋሪ አያሻውም። አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። ፊታውራሪው ጎመኑን በጫማቸው ጫፍ ገለበጡት። በመጨረሻ፣ ከእንግዲህ ለዘር የተተወ መደብ ማንም እንዳይነካ አዘዙ። የመፍጨቱን ፍርድም አነሡላት። ገብረ መድኅንን ከፊቴ ጥፋ አሉት።

ፍትሕ የወረደ ይመስላል። በማግስቱ የሆነው ግን ሌላ ነው። የወታደር ሚስት ለገባር ጠበቃ ቆማ ሹም በአደባባይ ማሳጣቷ በየመጠጡ ወሬ ሆነ። ተሰማ ከቆላ ሲመለስ ዲንሾ ወዳለው የመንገድ ጥበቃ መዛወሩ፣ ገባሮቹም ለሌላ ወታደር መሰጠታቸው ጠበቀው። በየነ ሹመቱ ላይ ነው። ገብረ መድኅንም ሳምንት ሳይሞላው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ተሰማ ቤት ገብቶ ጠመንጃውን ሰቀለና፣ «አዋረድሽኝ» አላት።

«የተዋረደችው ሎኮ ናት» አለችው። «ሲዋሽባት እያየሁ ዝም ብዬ ቢሆን ጥሩ ነበር?»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ቃል አልተለዋወጡም።

እኅተማርያምን ከሁሉ ያንገበገባት ግን ሎኮ ላይ የደረሰው ነው። አዲሱ ጌታ ኃይለኛ ነው ይባላል። ይቅርታ ልትጠይቃት ወንዙን ተሻግራ ስትወርድ ማሳው ሰው በሰው ሆኖ አገኘችው። የሎኮ ወንድሞች ከቆላው ከደሎ መና በኩል፣ በሳነቴ ተራራ ላይ አልፈው መጥተዋል፤ ሊወስዷት ነው። ሎኮ ለአዲሱ ጌታ አንዲት ቅጠል ላለመተው ቆርጣ ነበር። ጎረቤቶቿን ጠርታ የደረሰውን ሁሉ ታስለቅማለች። እኅተማርያምን ስታይ ቀና አለችና፣ «ምን ትቆሚያለሽ? ነይ ልቀሚ» አለቻት።

ያን ቀን ሲበሉ ዋሉ። እሸቱ በፍም ተጠበሰ፣ የገብሱም እሸት ተለብልቦ በመዳፍ ታሸ። ጎመኑ በነጭ ሽንኩርት በትልቅ ድስት ተቀቀለ። ወንድሞቿ ከቆላ ያመጡት ሙዝና ሎሚ ነበር፤ የደጋው ልጆች ሙዙን ከነልጣጩ ሲነክሱት ሁሉም ሳቀ። የሎኮ ልጆች ማንንም ሳይጠብቁ፣ ማንም ሳይቆጣቸው፣ ሆዳቸው እስኪነፋ እሸት በሉ። እኅተማርያም ጎመኑን ስትቀምስ ውርጩ ምን እንዳደረገለት አወቀች፤ ያን የመሰለ ጎመን ከዚያ በፊትም በኋላም አልበላሁም ትል ነበር። ልትጠይቅ የመጣችው ይቅርታ አልተጠየቀም። ሎኮ ልትሰማው አልፈለገችም፤ አፏን በእሸት አስያዘቻት።

የአዲሱ ጌታ ሎሌ ድርሻውን ሊቀበል ሲመጣ ያገኘው ባዶ መሬት ነው። ሎኮ ከነልጆቿ ሳነቴን አልፋለች። ሁለቱ ሴቶች ዳግመኛ አልተያዩም። ከደሎ መና ማር ይዘው የሚወጡ ነጋዴዎች በሕይወት እንዳለች፣ ቡና መትከሏን፣ ልጆቿም ማደጋቸውን ይናገሩ ነበር።

እኅተማርያም ብዙ ዓመት ዲንሾ ኖረች። ተሰማ እዚያው ሞተ፤ ከመሞቱ በፊት ታርቀዋል። አርጅታ ወደ ጎባ ከተመለሰች በኋላ የበየነ ተዝካር ሆነ። በየነ ባለ ብዙ መሬት፣ ባለ ብዙ ዝና ሰው ሆኖ ነበር የሞተው። ዳሱ ሙሉ ነው። አንድ የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ተነሥተው ሟቹ እጀ ሰፊ፣ ድኻ የሚያበላ፣ ከደጁ ማንም ተርቦ ያልተመለሰ ሰው እንደነበር መናገር ጀመሩ።

እኅተማርያም ገና ያልተነካ ሳህን ፊቷ ነበር። በወለተኢየሱስ ትከሻ ተደግፋ ተነሣች።

«ከማን ማሳ ነበር የሚያበላው?» አለች፤ ጮክ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ሽማግሌው ንግግራቸውን ቆረጡ። አንዲት የሟች ዘመድ እናቴ ይቀመጡ፣ እህል አይገፋም ብላ እጇን ልትይዛት ሞከረች። እኅተማርያም እጇን አስለቀቀችና ምርኩዟን ተቀብላ፣ ሳትቀምስ ከዳሱ ወጣች። ወለተኢየሱስም ተከትላት ወጣች።