ማራገቢያው ያቆመ ጊዜ

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። ከሁለት ክረምት በፊት ይሁን ከሦስት፣ ጠፍቶብኛል። ዝናቡን ግን አልረሳውም፤ ባለቤቴ የደረት ሕመም የጠናባትም ያኔ ነው። መንገድ በጀመርን ማግስት ባሕር ዳር የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። የማደርሳት እኔ ነኝ፣ በዚያችው በአሮጌዋ ፒካፓችን።

ከይጁቤ ተነስተን ደብረ ማርቆስ ልንገባ ስንል፣ ሙቅ አየር የሚነፋው ማራገቢያ ቀጥ አለ። ጋቢያችን ርሷል፤ የፊቱ መስታወት ወዲያው በትንፋሻችን ተሸፈነ። መስኮት ስከፍት መንገዱ ይታየኛል፣ እሷን ግን ብርዱ ሲያገኛት ሳሉ ትንፋሽ ያሳጣታል። ስዘጋው እሷ ታርፋለች፣ እኔ መንገዱ ይጠፋብኛል። እንዲህ ሆነን ባሕር ዳር እንደማንደርስ ገባኝ።

ፊውዝ መቀየር አውቃለሁና ቀየርኩ። ምንም የለም። ስለ ኮረንቲ ከዚያ በላይ የማውቀው እንዳልነካው ብቻ ነው። መንገድ ላይ ያገኘሁት ሾፌር «ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ከአዲስ አበባ ካላስመጡ አይገኝም» አለኝ።

ከመናኸሪያው ጀርባ የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ ልጅ አለች ብለውን ሄድን። የአንድ ጭነት መኪና ሽቦ ዘርግፋ ተቀምጣለች። ባለቤቴ ስትስል ሰማችና መፍቻዋን አስቀምጣ ወደኛ መጣች። ባለጭነቱ ቅር አለው።

«ተራው የኔ አይደለም እንዴ?»

«ያንተ ጤፍ አያስልም» አለችው። ሰውየው ስቆ ለባለቤቴ መቀመጫውን ለቀቀላት።

ልጅቷ ማራገቢያውን ፈታ በሁለት ሽቦ ከባትሪ ጋር አገናኘችው። ዞረ።

«አባባ፣ ሞተርዎ ደህና ነው። ምንም እንዳይገዙ።»

ከዚያ ሽቦ የተቀጠለበት ትንሽ አምፖል ይዛ ኮረንቲውን ተከተለችው። ፊውዙ ጋ በራ። ማብሪያው ጋ በራ። ሞተሩ የሚሰካበትም ጋ በራ።

«መሄዱንስ ይሄዳል፤ መመለሻ ነው ያጣው» ብላ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባች። ኮረንቲው እንዲመለስበት ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ሽቦ አረንጓዴ ዝጎ ተበልቷል።

«ይሄ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ? ጣራዎ እንደሆነ አያፈስም።»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ጸበል ይዘን ስንመለስ ትንሿን ጀሪካን የምናስቀምጣት ዳሽቦርዱ ላይ ነው፤ ጸበል እግር ሥር እንዴት ይቀመጣል? በክዳኗ በኩል ደግሞ ታንጠባጥባለች። ያ ሁሉ በአየር ማውጫው ቀዳዳ ወደ ታች ሲወርድ ኖሯል።

«ጸበል ነው ልጄ» አለች ባለቤቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና «ጸበሉማ ምን አደረገ፣ እማማ። ጥፋቱ የክዳኑ ነው» አለች።

«የክዳኑ አትበይ፤ የሚዘጋው እሱ ነው» ብላ ባለቤቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

ልጅቷ እየሳቀች ብረቱን ፍቃ አዲስ ሽቦ አሰረች። «ከእንግዲህ እቅፍ አድርጋችሁ ያዙት» አለችን። ሙቁ አየር ፊቴን ሲነካኝ፣ መስታወቱም ከሥር ጀምሮ ሲጠራ፣ ምን ብዬ እንደመረቅኳት አላውቅም። ብቻ ብዙ መረቅኳት።

ደብረ ማርቆስ አድረን በማግስቱ መስኮታችንን ዘግተን ወጣን። ደምበጫ ላይ ዝናቡ ቢወርድም መንገዱ ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር። ባለቤቴ ሳትስል እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነዳሁ። ለቀጠሮዋ ደረስን፣ መድኃኒቷንም አገኘች። ይኸው ዛሬም አብራኝ አለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያን ክረምት ማን አሻገራችሁ ሲሉኝ ሐኪሙን አመሰግናለሁ። አስቀድሜ የማነሳት ግን ከመናኸሪያው ጀርባ የምትሠራውን፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዋን ልጅ ነው።